ብሽሽቴ ላይ የበቀሉት ሦስቱ

ወንድ ልጅ ሜትር ወገቡ ላይ ሲያርፍበት ሆዱን ይስባል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሱሪ ስሰፋ ያልሳበ አላጋጠመኝም፤ ዳኛውም ይስባል፣ ተሸካሚውም ይስባል፣ ቆዳና አጥንት የሆነውም ሳይቀር ይስባል። በተሳበ ሆድ ልክ የተሰፋ ሱሪ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ባለቤቱም "አጠበብክብኝ" ብሎ ያኮርፋል። ለዚህ አንድ ዘዴ አለኝ። ሜትሩን እጠመጥምና ዐይኔን ወደ መስኮቱ ልኬ፣ "ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ነው?" እላለሁ። ሰው ስለ ዝናብ ሲያወራ ሆዱን ይረሳዋል። ሆዱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ እኔ ቁጥሬን አነባለሁ።

ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ስለካም ዘዴው ያው ነው። እጄ የት እንዳለ እሱም አያይም፣ እኔም አላይም፤ ሁለታችንም ደመና እናያለን። የስንቱን የተከበረ ሰው ገመና በዚህ ዓይነት ሳልነካ ነክቻለሁ። የራሴን ልክ ግን ከሰርጌ ወዲህ ለክቼ አላውቅም፤ ምን ያስፈልገኛል? ያኔ ለሙሽርነት ሱሪዬ የቆረጥኩት የካኪ ወረቀት ቅድ ከስፌት መኪናው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ በየዓመቱ ጨርቅ ላይ አነጥፈውና በሳሙና ዙሪያውን አሰምሬ እቆርጣለሁ። እንዲህ በሰው ብሽሽት የማላፍረው ሰውዬ፣ በራሴ ብሽሽት ምክንያት ትዳሬን ላፈርስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገላዬን ስታጠብ ነው። ጭኔ ከእንትኔ ጋር በሚጎራበትበት እጥፋት ላይ እጄ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። የሳሙና ፍርፋሪ መስሎኝ ላራግፈው ብል አልራገፍ አለ። የሚስቴን የእጅ መስታወት አምጥቼ፣ አንድ እግሬን ባልዲ ላይ ሰቅዬ፣ ወገቤ ቋ እስኪል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምስር የሚያካክሉ፣ በቀጭን አንገት የተንጠለጠሉ፣ ሦስት ናቸው። ሁለቱ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። መስታወቱን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቤ ወደ ቦታው መለስኩት።

ፈራሁ፤ ምን አስዋሸኝ። አባቴ የሞተው አንገቱ ላይ በወጣ እባጭ ነው። ሰው እንዳያይበት ዓመት ሙሉ ደብቆት ኖረ፤ ሐኪም ያየው ዕለት "ምነው ቀደም ብለው በመጡ" ተባለ። መደበቂያውን ደግሞ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። "ብርድ አስቸገረኝ፣ ኮሌታውን ከፍ አድርገው" ሲለኝ ከፍ አደረግኩለት፤ በሚቀጥለው ሸሚዝ ደግሞ ትንሽ ከፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ነገር ከማንም በላይ ሊገባ የሚገባው ለኔ ነበር። ገብቶኝም ደበቅኩ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው መኖሪያ። ባለቤቴ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጫፍ ትዘመዝማለች፤ ቀኑን ሙሉ ከኔ ሁለት ክንድ ርቃ ነው የምትቀመጠው። ከእንዲህ ዓይነት ሴት ምስጢር መደበቅ ከራስ ጥላ እንደ መደበቅ ነው። ቢሆንም ሞከርኩ። "ወገቤን አሞኛል" ብዬ መኝታዬን ሱቁ ውስጥ ወዳለው አግዳሚ አዛወርኩ። የመታጠቢያ ቤቱን በር መቀርቀር ጀመርኩ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ተቀርቅሮ የማያውቅ በር ነው። ሦስት ሰፋፊ የውስጥ ሱሪ ገዝቼ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ሸጎጥኩ። በማግስቱ እንዳገኘቻቸው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ ክር በጥርሷ የምትበጥስበት ድምፅ ብቻ ተለወጠ።

መጀመሪያ ነገሩን በሙያዬ መጣሁበት። አንገቱ የቀጠነ ነገር ከሥሩ ጠብቆ ቢታሰር ደርቆ ይወድቃል ብዬ አሰብኩ። የሐር ክር በሰም አሽቼ፣ ከሦስቱ ትልቋን መርጬ፣ ለካፖርት ቁልፍ በምጠቀምበት ድርብ ቋጠሮ አሰርኳት። ቋጠሮውስ እንከን አልነበረበትም። እሷ ግን በመውደቅ ፈንታ ቀልታ አበጠች፤ እኔም ሁለት ቀን እግሬን አንፈርክኬ ስሄድ ዋልኩ። ክሩን ልፍታ ብል የገዛ ቋጠሮዬ አልፈታ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኮራበት ነበር።

ሐኪም ሳያየኝ እንደማይሆን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ችግሩ የጤና መድን የለኝም። መድን መሥሪያ ቤት ላለው ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንድ የመድን ወኪል ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ በግሌ ሊያስገባኝ ሞክሮ ነበር፤ "እኔ ጤነኛ ነኝ" ብዬ ስለ ዝናብ ጠየቅኩት።

ዋናው መንገድ ላይ ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ክሊኒክ አለ። ገባሁ። መቀበያው ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች፤ ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰለፈ።

"ኢንሹራንስ አለዎት አባቴ?"

"የለኝም።"

"መሥሪያ ቤትዎ አላስገባዎትም?"

"መሥሪያ ቤቴ እኔው ነኝ።"

"እንግዲያው በግልዎ ነው የሚከፍሉት" ብላ የዋጋ ዝርዝሩን ገፋችልኝ። ለምርመራ ብቻ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው፤ ያውም ሐኪሙ ፊቴን ለሚያይበት፣ ሌላውን ለሚያይበት ገና ምን እንደሚባል አላውቅም።

"ምንዎን ነው ያመመዎት?" አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁ። ከስድስቱ ሦስቱ የለበሱትን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

"ጥርሴን" አልኳት።

"ጥርስ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የጥርስ ምርመራ ደግሞ በዚህ ሳምንት በነፃ ነው፤ ዕድለኛ ነዎት።"

ፎቁን ወጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው እያየኝ ነው። አፌን ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ተጋደምኩ። የጥርስ ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥርስ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮ አመሰገነኝ። ከአንገቴ በላይ ምንም እንከን እንደሌለብኝ በነፃ አረጋግጬ፣ እግሬን አንፈርክኬ ደረጃውን ወረድኩ።

ከዚያ ፋርማሲስቱ ዘንድ ሄድኩ። ደንበኛዬ ነው። የቀኝ እግሩ ከግራው በአንድ ጣት እንደሚያጥር ከእናቱ በቀር የማውቀው እኔ ነኝና፣ ምስጢር በምስጢር ይጠብቅልኛል ብዬ ነው።

"አንድ ጓደኛ አለኝ" አልኩት።

"እሺ። ጓደኛዎ ምን ሆነ?"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ክሩን ብቻ አስቀረሁ። ሳይታይ ምንም መድኃኒት እንደማይሰጥ ነግሮኝ ሲያበቃ ወደኔ ጠጋ አለ። "እዚያ ቦታ የሚወጣው ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ምንም አይደለም። አንዳንዱ ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ጓደኛዎ ይታይ፤ ሚስቱንም ይዞ ይሂድ።"

"ጓደኛዬ እኮ የትም አልሄደም።"

"እኔ ምን አውቃለሁ እንግዲህ" አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ከፋርማሲው እስከ ቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እኔ የትም አልሄድኩም፤ ታዲያ ከየት መጣ? እያልኩ ሄጄ ሄጄ፣ በሬ ላይ ስደርስ ሚስቴን ጠርጥሬ ጨርሼ ነበር። ከማን ጋር እንዳልል ቤታችን የሚገባና የሚወጣ ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ልብስ ሊተኩስልን የሚመጣው፣ ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ የምንለው ሰውዬ። ገብቼ ሳይ ሽቦ ይተኩሳል፣ እሷ ታንጎራጉራለች። ለምን ታንጎራጉራለች? ያን ቀን ሽቦ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠየቀ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰጠችው። ሁለቱንም ቆጠርኩ። ማታ ሊሄድ ሲል "ሱሪ አሳረርክ" ብዬ ጮህኩበት። ሱሪው አላረረም። ሽቦ አገላብጦ አይቶት፣ እኔንም አይቶ፣ ጃኬቱን ለብሶ ሄደ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ባለቤቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና እጇን ጭኗ ላይ አኖረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነህ?"

"ከማን ጋር ምን?"

"በር ትቀረቅራለህ። ሱቅ ታድራለህ። አዲስ የውስጥ ሱሪ ገዝተህ ትደብቃለህ። የሐር ክሬን ታጎድላለህ፤ ለማን እንደምትሰፋበት እንጃ። ትናንት ደግሞ ያን ምስኪን ያለ ጥፋቱ ጮህክበት። በሰው ላይ የሚጮኸው ጥፋት ያለበት ሰው ነው።" ጣቷ ላይ የቀረውን ክር ጠቀለለች። "አላለቅስም። እስከ ዓርብ ትነግረኛለህ። ካልነገርከኝ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ መርፌዎቼንም ይዤ ነው የምሄደው።"

መርፌዎቿን ስትል ነገሩ እውነት መሆኑ ገባኝ። እናቷ የሞቱ ጊዜ እንኳ መርፌዎቿን እዚሁ ትታ ነው የሄደችው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "ከየት አመጣኸው?" ብትለኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ያን የተመሰገነ ጥርሴን መልሼ ገጠምኩት። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የጤና ጣቢያው ዘበኛ የደንብ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ እጄ ግን ሥራውን ያውቃልና ሜትሩን ጠመጠመ፣ አፌም ከልማዱ ስለ ዝናቡ ጠየቀ።

"ዝናቡንስ ተወው ጋሼ" አለኝ። "ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የሚመጣው ሰው ነው ጭቃ እያስገባ የገደለኝ።"

"የምን ሰው?"

"ጡረታ የወጡ የቆዳ ሐኪም አሉ። በነፃ ያያሉ። ካርድ አይጠይቁ፣ ኢንሹራንስ አይጠይቁ፤ ስምም የሚጠይቁ አይመስለኝም። የሰዉ ብዛት ታዲያ፣ ፊቱን ሸፋፍኖ።"

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ዝናብ ስጠይቅ አንድም ቀን መልሱን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ምርጡን ሱሪዬን አውጥቼ፣ እንደ ሁልጊዜው ትንፋሼን ይዤ የወገቡን ቁልፍ ቆለፍኩና ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ አለ፤ የተቀመጥነው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ "እኔ ለእህቴ ልጅ ወረፋ ይዤ ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። "እኔም ለጓደኛዬ" አልኩት። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ እሱው ገባ።

ሐኪሟ ሰባ ዓመት የሚያልፋቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትንሽዬ ሴት ናቸው። ወንድ ነበር የጠበቅኩት። ልመለስ አሰብኩ፤ ነገ ግን ዓርብ ነው።

"ሱሪህን ዝቅ አድርግና እዚያ ጋደም በል ልጄ" አሉኝ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቷል። ጋደም አልኩ። ጓንት ሲያጠልቁ ሰማሁ። ሆዴን ሳብኩ።

"ዝናቡ በናንተ ሰፈር እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ዘንድሮስ ከባድ ነው ዶክተር፣ የጎረቤታችን ጣሪያ..." ብዬ ጀመርኩና ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው መስኮቱን ያያሉ። እጃቸው ግን ሥራ ላይ ነው። የገዛ ዘዴዬ በራሴ ላይ ሲሠራ ቆሜ፣ ይቅርታ፣ ተጋድሜ አየሁት። ይሠራል፤ ሆዴ ቦታው ተመልሷል።

"ይህን ማነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጥሩ ቋጠሮ ነው" አሉና በትንሽ መቀስ ቆረጡት። ቦታውን አጥበው ቅባት ቀቡት። ከዚያ ሦስቱንም አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አዩ። እኔ የጣሪያውን ሰሌዳ ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት ነው።

"ትርፍ ቆዳ ነው" አሉኝ። "ክፉ ነገር አይደለም፣ አይጋባም። ሰው ሲወፍርና ልብስ እጥፋቱን ሲፈትገው ይወጣል። አንገት ላይም፣ ብብት ሥርም፣ እዚህም።"

"ከማን ነው የሚይዘው?"

"ከማንም።"

"ካንሰርስ?"

"አይደለም ልጄ።"

እንባዬ መጣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ የወረደ ሰው ሲያለቅስ አያምርም፤ ቢሆንም አለቀስኩ። አባቴን አሰብኩ፣ ያን ኮሌታ አሰብኩ። አንድ ሐሙስ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ነበር ለእሱ የጎደለው። ሐኪሟ ስጨርስ ጠበቁኝ፤ በዚህኛው ላይ ስለ ዝናብ አልጠየቁኝም።

ሱሪዬን ስስብ ግን ወገቤ ላይ የታተመውን ቀይ መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። "ይኸው፣ ስፌቱ እዚህም እዚያም ታትሞብሃል። ሱሪው የራስህ ነው?"

"የራሴ ነው።"

"ማነው የሚሰፋልህ?"

"አንድ... የሰፈራችን ሰው ነው።"

"ቀይረው።"

"ጎበዝ ሰው ነው እኮ ዶክተር። እጁ የታወቀ ነው።"

"እጁን አላማሁም፣ ዐይኑን ነው። የሚሰፋው፣ ሲመስለኝ፣ ያኔ ሙሽራ ለነበርከው ሰውዬ ነው። አሁን ያለኸውን አይቶት አያውቅም።"

ጣቴን ወግተው ስኳሬን ለኩ። ከፍ ሊል እያሰበ ነው፣ ገና አላመመህም፣ በእግርህ ሂድ፣ ጣፋጭ ቀንስ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ና አሉኝ። በሩን ልከፍት ስል ጠሩኝ።

"ለልብስ ሰፊህ ንገረው፤ ቋጠሮው ቆንጆ ነው። ከቁልፍ በቀር ሌላ ነገር ላይ እንዳይሞክረው።"

ቤት ስደርስ ሻንጣዋ በሩ ሥር ተቀምጧል። መርፌዎቿ በጨርቅ ተጠቅልለው ከላይ አሉ።

"ገና ሐሙስ ነው" አልኳት።

"ሥራ ላለማብዛት ነው" አለች።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። መስታወቱን፣ ክሩን፣ ጥርሱን፣ ፋርማሲስቱን፣ ሐኪሟን። ስጨርስ መጋረጃውን ስባ "አሳየኝ" አለችኝ። አሳየኋት። ክር የምታሾልክበትን መነጽር አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች።

"እነዚህ ናቸው?"

"እነዚህ ናቸው።"

"ለነዚህ ነው ሦስት ሳምንት አግዳሚ ላይ የተኛኸው?"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ግን አንዴ ሱሪዬን ካወረድኩ አይቀር ብዬ የቀረውንም ተናገርኩ፤ ለአንድ ቀን እሷን መጠርጠሬን።

ቀና አለች። "ከማን ጋር?"

"ከ... ሽቦ ጋር።"

"ከሽቦ ጋር?"

"አዎ።"

"ሃያ ስድስት ዓመት አብረኸኝ ኖረህ፣ ከሽቦ ጋር? ትንሽ ሻል ያለ ሰው አጣህልኝ?"

ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። ዐይኗ ውኃ ሞልቷል። "ሲያምህ የምትነግረው ለኔ ካልሆነ ለማን ነው?" አለችኝ። "አባትህንም እንዲሁ ነው ያጣናቸው። ቁልፉን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ኮሌታ ላይ። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልተክልም።"

ይህን አላውቅም ነበር። በአንድ ሸሚዝ ሁለታችንም ለየብቻችን ስንቃጠል ኖረናል። "ይቅር በይኝ" አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ወንበር ላይ ወጥታ የካኪ ወረቀቱን ቅድ ከሚስማሩ አወረደች፣ አቧራውን አራገፈች፣ በጥንቃቄ ጠቀለለችና ከሻንጣው መርፌዎቿን አውጥታ በቦታቸው እሱን ከተተችው።

"ይሄ የኔ ነው" አለች። "ያገባሁት ይሄን ሰውዬ ነው፤ አስቀምጠዋለሁ። አንተ ለራስህ ሌላ ቁረጥ። ነገ ደግሞ ሽቦን ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።"

ከዚያ ሜትሩን ከስፌት መኪናው ላይ አነሣችና ወገቤ ላይ ጠመጠመችው። በዕድሜዬ ሰው ለክቶኝ አያውቅም ነበር። ሆዴን ሳብኩ። ስለ ዝናቡ እንድትጠይቀኝ ጠበቅኩ። አልጠየቀችኝም፤ ወደ መስኮቱም አላየችም። እኔን ነው የምታየው።

"ልቀቀው" አለችኝ። "እኔ ነኝ።"

ለቀቅኩት፤ እሷም ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው።